ፀሐይ አልጋ ላይ ያላገኘችው የዛጎል ሞግዚት

አባ ማለዳ «ስንት ልጅ አለህ?» ሲባል «በዚህ ወር ነው ወይስ ባለፈው?» ብሎ ይመልሳል። ቀልዱን አይደለም። ከባለቤቱ የወለዳት አንዲት ሴት ልጅ አግብታ ከወጣች ቆይታለች። የቀሩት ልጆቹ በየገንዳው አምስት አምስት ሚሊዮን ሆነው ይዋኛሉ፤ ገንዳዎቹ ሦስት ናቸው፤ ልጆቹ ሁሉ ቢሰበሰቡ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞሉም። ኦይስተር የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል ጨቅላዎች ናቸው። አባ ማለዳ የሚሠራው ወደቡ ዳር ባለው የዛጎል ማራቢያ ሲሆን የሥራ መደቡ «የማስፈልፈያ ክፍል ኃላፊ» ይባላል። በደህና ቋንቋ ሞግዚት ማለት ነው።

«አባ ማለዳ» የወጣለት ስም ነው፤ እናቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሳ፣ ልክ አሥራ አንድ ሲል የባሕሩን ፓምፕ ይከፍታል። ጀልባዎቹ ሳይንቀሳቀሱ፣ ወፎቹ ሳይንጫጩ፣ ሦስቱንም ገንዳ ግጥም አድርጎ ይሞላል። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ «ባሕር በማለዳ ያልተነካ ነው፤ ሰው ሳይነሳ ቅዳ» ብለውት ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፤ ቃላቸው ግን ሕግ ሆኖ ቀረ። ከቀዳ በኋላ መዝገቡ ላይ «ከንጋቱ 11፡00» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ያሰምርበታል። አንዳንድ ቀን ደስ ካለው ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። እኔ በማለዳ የሚነሱ ሰዎች አያስከፉኝም፤ የሚያስከፉኝ መነሳታቸውን ቀኑን ሙሉ የሚነግሩን ናቸው። አባ ማለዳ ደግሞ «እናንተ ስትገላበጡ እኔ…» ብሎ ያልጀመረው ወሬ የለም።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። አባ ማለዳ እንቅልፍ ይወዳል። ሲወድ ደግሞ ለጉድ ነው። በወጣትነቱ ፀጉሩን እየተቆረጠ የሚያንኮራፋ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ ተኝቶ ወረፋው የሚያልፈው ሰው ነበር። ኑሮውን የገለበጠው ልጅቷን ለማግባት ሊጠይቅ የሄደ ቀን ነው። የዛሬዋ አማቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ፀሐይ አልጋ ላይ ያገኘችው ወንድ፣ ልጄን አያገባም» አሉት። ልጅቷን ወዷታል፤ ምን ያድርግ? እንቅልፉን ሰጥቶ ሚስት አገኘ። ይህን ምስጢር ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷም በዕረፍት ቀን ከምሳ በኋላ መጽሔት ፊቱ ላይ ደፍቶ ሲተኛ፣ እናቷ በበሩ ሲያልፉ የሚያነብ እንዲመስል ገጹን ትገልጥለታለች። ትዳር ማለት ይሄ ነው።

አማቱን ሳያስተዋውቁ ማለፍ አይቻልም፤ ይቀየማሉ። በዚያው ማራቢያ የዛጎል ማጠቢያ አዳራሽ አለቃ ናቸው። አርባ ሴቶች ቢላና ብሩሽ ይዘው ያደጉትን ዛጎሎች ሲፍቁ፣ እሳቸው መሐል ቆመው በዓይናቸው ይፍቋቸዋል። አባ ማለዳ የሚኖረውም በእሳቸው ቤት ነው። በሥራ ቦታ ግን ማስፈልፈያ ክፍሉ ከአዳራሹ በግድግዳ ስለሚለይ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ያለ አማት ይተነፍስ ነበር። ያቺ ክፍል ለእሱ ሥራ ብቻ አልነበረችም፤ ነፃ አገር ነበረች።

በቤቱ ውስጥ አራተኛው ሰው የአማቱ ወንድ ልጅ ነው። ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ስሙ እንቅልፌ። ይሄም የወጣለት ስም ነው፤ ሲያወጡለትም ብዙ አላሰቡም። እናቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተኛ ሰው ላይ አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ የማፍሰስ ልማድ አላቸው። እንቅልፌ ጣሳውን ለአርባ ዓመት ስለለመደው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፊቱን ያብስና ወደ ደረቁ ጎን ይገላበጣል።

መከራው የጀመረው በዚህ ዓመት በመጀመሪያው የማስፈልፈል ዙር ነው። አባ ማለዳ እንደ ወትሮው በማለዳ ቀዳ፤ እንቁላሎቹ እንደ ወትሮው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገንዳ ገቡ። በማግስቱ በደህና ሲዋኙ አያቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ጠብታ ወስዶ ማይክሮስኮፕ ሥር ቢያደርግ ክው አለ። የሎሚ ቁራጭ የሚመስለው የመጀመሪያ ዛጎላቸው ጠርዙ ተበልቷል፤ ሁለቱ ክዳኖች የሚገናኙበት ማጠፊያ ተጣሟል፤ አንዳንዱ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ አብዛኛው ታች ተኝቷል። በአምስተኛው ቀን አንድም አልቀረም። ለአሥራ አምስት ሚሊዮን ሟች፣ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያለቅስ አላውቅም። አባ ማለዳ በጅምላ አለቀሰ።

ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። ፓምፑን ፈታትቶ አጠበው። የእጁን ሳሙና ለወጠ። ሽንኩርት መብላት ተወ፤ ትንፋሹ ይጎዳቸው እንደሆነ ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ማፏጨት ከለከለ፤ የሚያፏጨው እሱ ብቻ ስለነበር ክልከላው በደንብ ተከበረ። አንድ ቀን አማቱ በሩን ከፍተው «ደህና ናቸው?» ብለው ስለጠየቁ ዓይናቸውን ጠረጠረ። በመጨረሻ «ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል» ብሎ ለሁለተኛው ዙር ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ አሥር ተኩል ላይ ቀዳ። እነዚያ ደግሞ አምስተኛውን ቀን እንኳ ሳያዩ በአራተኛው አለቁ።

ሥራ አስኪያጇ ቁጡ ሴት አይደለችም፤ ስትጨነቅ ግን የሰው ሸሚዝ ቁልፍ እያየች ነው የምታወራው። የአባ ማለዳን ሦስተኛ ቁልፍ ትክ ብላ እያየች ሁለት ነገር ነገረችው። አንደኛ፣ ከከተማ የውኃ ሐኪም ጠርታለች። ሁለተኛ፣ ከጓሮ ባለው መጋዘን የራሱ ፓምፕ ያለው አራተኛ ገንዳ ተተክሎ፣ ለሙከራ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ሌላው ሰው እንቅልፌ ነበር። በማራቢያው ከተቀጠሩት ውስጥ በእጁ ሥራ የሌለው እሱ ብቻ ነበርና።

የውኃ ሐኪሟ ቀጭን፣ መነጽሯ ከፊቷ የሚበልጥ ሴት ናት። አውቶቡሷ የሚደርሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ ሳጥኖቿን አውርዳ፣ ምሳዋን በልታ፣ ከሰዓት በኋላ መለኪያዋን ከጀልባ ማቆሚያው ድልድይ ጫፍ ባሕሩ ውስጥ ትነክራለች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ሁሉም ከበቧት።

«ከመኪናው፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ ሰማይ ላይ አይቀርም» አለች። «ሩብ ያህሉን ባሕሩ ይጠጣዋል። ሲጠጣው አሲዱ ይጨምራል፤ አሲዱ ሲጨምር ዛጎል የሚሠራበት ማዕድን ይመነምናል።»

«ትልልቆቹ እኮ ደህና ናቸው» አሉ አማት።

«ትልልቆቹ ቤታቸውን ሠርተው ጨርሰዋል፣ እማማ። ጨቅላዎቹ ግን በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ዛጎላቸውን ካልሠሩ አለቀላቸው። ያን ጊዜ ገና መብላት አይችሉም፤ ያላቸው እናታቸው እንቁላሉ ውስጥ የቋጠረችላቸው ስንቅ ብቻ ነው። ማዕድኑ በሌለበት ውኃ ቤት ለመሥራት ሲታገሉ ስንቁ ያልቅባቸዋል።»

አማት ማኘካቸውን አቆሙ። «ግንበኛ ቀጥሮ አሸዋ መከልከል ነዋ!»

«እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ባሕሩን ጨጓራው ነው ያመመው በይኛ! እኔም ይሄ የልጄ ባል ከመጣ ወዲህ ጨጓራዬ ተልጧል።» ከኪሳቸው ኖራ የመሰለውን የጨጓራ ክኒናቸውን አወጡና ለሴትዮዋ ዘረጉላት። «ይሄን ስጡት። አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ።»

የውኃ ሐኪሟ አልሳቀችም። «እውነትዎን ነው፤ ሶዳ የመሰለ ዱቄት በልክ እየጨመሩ ገንዳውን የሚያክሙ አሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የዚህን ባሕር ውኃ ለክቼዋለሁ። ጥሩ ነው ባይባልም ይቻላል። በዚህ ውኃ ሁሉም ማለቅ አልነበረባቸውም።» አባ ማለዳ ምሳውን ገፋ አደረገ። ባሕሩ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የሞግዚቱ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ዙር መጣ። መዝገቡ እንደሚለው አራቱም ገንዳ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከንጋቱ 11፡00 ተቀዱ። እንቁላሉም የአንድ እናት ነው። በአምስተኛው ቀን የአባ ማለዳ ሦስት ገንዳዎች ጸጥ አሉ። የእንቅልፌ ገንዳ ግን ገበያ መስሏል፤ ጨቅላዎቹ ዛጎላቸው ሙሉ፣ ማጠፊያቸው ቀጥ ያለ፣ እርስ በርስ እየተጋፉ ይዋኛሉ። እንቅልፌ ማይክሮስኮፑን አየና «ቆንጆዎች ናቸው» አለ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተኛ።

ሥራ አስኪያጇ በዚህ ጊዜ አራተኛውን ቁልፍ መረጠች። «ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረን። እሱም ካልሆነ ክፍሉን ለእንቅልፌ እሰጠዋለሁ። እርስዎ ወደ ማጠቢያ አዳራሹ ይዛወራሉ።»

ማጠቢያ አዳራሽ! ቤትም አማት፣ ሥራም አማት! አባ ማለዳ ማታ ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። አማቱ ከወፍራም ጨርቅ ሽርጥ እየሰፉለት ነበር። ደረቱ ላይ በቀይ ክር «አባ ማለዳ» ብለው ጠልፈውበታል። ወደ እሱ አስጠግተው ለኩትና «አይዞህ፣ ልጄ። እኔ ጋ ማንም አይነካህም» አሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይበልጥ የከፋውም ይኸው ደግነታቸው ነው። ሽርጡን መመገቢያ ክፍሉ በር ጀርባ ሰቀሉት፤ አባ ማለዳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን እያየ ነው እራቱን የሚበላው።

የቸገረው ሰው ምን የማያደርገው አለ? አባ ማለዳ የእንቅልፌን ምስጢር ሊሰርቅ ቆርጦ ተነሳ። ማስታወሻ ደብተር ይዞ ሁለት ሳምንት ተከተለው። «ግራ እግሩን ያስቀድማል» ብሎ ጻፈ። «ማስቲካውን ጆሮው ጀርባ ያስቀምጣል።» «ሆዱን ያካል፤ በቀኝ እጅ፣ ሦስት ጊዜ።» ተረከዙ የተበላውን የእንቅልፌን ነጠላ ጫማ ተዋሰና፣ ሁለት ቁጥር ስለሚበልጠው እየተጎተተ ግቢውን ዞረበት። አንድ ቀን ሻይ ጋብዞት በቀስታ ጠየቀው።

«ስማ እስቲ፣ ወንድሜ። ከመቅዳትህ በፊት የምትለው ነገር አለ?»

«ምን እላለሁ? አዛጋለሁ።»

«ያዛጋል» ብሎ ጻፈና ቤቱ ሄዶ መስታወት ፊት ማዛጋት ተለማመደ። ከሁሉም ቶሎ የገባው ትምህርት ይሄ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ማዛጋት ሆዱ ውስጥ ነበረና እንባው እየፈሰሰ ወጣለት።

የመጨረሻው ዙር ቀን ደረሰ። አባ ማለዳ በዚያ ሁሉ ነጠላ ጫማ፣ ማስቲካና ሆድ ማከክ ተዘጋጅቶ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግራ እግሩን አስቀድሞ ፓምፑን ከፈተና ሦስቱን ገንዳ ሞላ። መዝገቡ ላይ ጽፎ አሰመረበት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፤ እንቅልፌ ሲቀዳ በዓይኑ ማየት። ወደ ጓሮው መጋዘን ሄደና አንድ ባዶ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ።

እንቅልፌ የለም። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ የለም። አሥራ ሁለት ሆነ፤ ፀሐይ ወጣች፤ የለም። ገንዳው ባዶውን ነው። «ሳላየው ቀድቶ ይሆን?» አለ አባ ማለዳ፣ ባዶ ገንዳ እያየ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ አእምሮው እንደዚህ ነው። በርሜሉ ይሞቃል፤ ፓምፑ ጸጥ ብሏል፤ አማት በአካባቢው የሉም። አንገቱ ቀስ ብሎ ዘንበል አለ። በዚያ በርሜል ውስጥ፣ ጉልበቱ አገጩን ነክቶ፣ አባ ማለዳ ከሠርጉ ወዲህ ያልተኛውን እንቅልፍ ተኛ።

የቀሰቀሰው የፓምፕ ድምፅ ነው። በክዳኑ ስንጥቅ ሲያይ እንቅልፌ ፀጉሩ በአንድ ጎን ተጨፍልቆ፣ የትራስ መስመር ጉንጩ ላይ ታትሞ፣ እያዛጋ ውኃ ይቀዳል። ቀድቶ ሲጨርስ መዝገቡን አነሳ። «ከንጋቱ 11፡00» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሦስት ጊዜ አሰመረበት።

አባ ማለዳ ከነበርሜሉ ተነሳ። እንቅልፌ ብዕሩን ጥሎ «የእናቴ ያለህ!» ብሎ ጮኸ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘ… ዘጠኝ።»

«የቀኑ?»

«የቀኑ።»

«ባለፈውስ የቀዳኸው?»

«ባለፈው አሥር ሆኖብኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ማለዳ አልችልም! ደንቡ አሥራ አንድ ይላል፤ ደንቡን ላለመጣስ ብዬ አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።»

አባ ማለዳ መጀመሪያ ልቡ በደስታ ዘለለች። ያዝኩት! ውሸታም! ክፍሌ ተረፈች! ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ቆመ። ይሄ ሰነፍ ባለፈው ከቀኑ በአሥር ሰዓት የቀዳው ውኃ ልጆች አሳድጓል። እሱ በንጋት አሥራ አንድ የቀዳው ገድሏል። ቀድሞ በአሥር ተኩል ሲቀዳ ደግሞ ፈጥኖ ገድሏል። የውኃ ሐኪሟ የምትለካው ከምሳ በኋላ ነው፤ የእሷ ውኃ ደህና ነው። ልጆቹን የገደለው ያ የሚኮራበት፣ የሚያሰምርበት፣ ሚስት ያገኘበት ማለዳ ነበር።

ዝም ማለት ይችል ይሆን? አሰበበት፤ አልዋሻችሁም። እንቅልፌን «አልነግርብህም፣ አትንገርብኝ» ብሎት ቀስ ብሎ ሰዓቱን ቢለውጥ ማን ያውቃል? ግን ሦስቱ ገንዳዎቹ የማለዳ ውኃ እንደተሞሉ ናቸው፤ እንቁላሎቹ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይገባሉ። ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ውኃ ማፍሰስ አለበት፤ ውኃው ደግሞ ግቢውን አቋርጦ ነው የሚፈሰው። በድብቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። «ወይ ስሜ፣ ወይ ልጆቼ» አለና በዚያ በሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ሮጠ።

የቁጥር ሦስት ገንዳን ውታፍ ነቀለ። ቁጥር ሁለትን ነቀለ። ውኃው እየተንዶለዶለ ግቢውን አልፎ ማጠቢያ አዳራሹ ገባ። አርባዎቹ ሴቶች እየጮኹ ወንበር ላይ ወጡ። አማት በውኃው መሐል ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጣታቸውን ቀስረው መጡ። ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ፣ የውኃ ሐኪሟ ከነመለኪያዋ ተከትለው ደረሱ።

«ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«የምቀዳው ውኃ ነው የሚገድላቸው!» አለ አባ ማለዳ፣ የቁጥር አንድን ውታፍ እንደጨበጠ። «የማለዳው ውኃ! እኔ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የኮራሁበት ማለዳ ነው!»

የውኃ ሐኪሟ «እንዳይነቅሉት!» ብላ ዘለለችና መለኪያዋን ቁጥር አንድ ውስጥ ነከረች። ቀጥላ ከፓምፑ ያን ሰዓት የመጣውን ውኃ ለካች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበች። «ሁለት የተለያየ ባሕር ነው የሚመስለው» አለች። «እኔ ሞኝ! በማለዳ አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም። ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት የባሕሩ ተክሎችና እንስሳት ሁሉ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተንፍሰው ወደ ውኃው ያስወጣሉ፤ ቀን ብርሃን ሲያገኙ ተክሎቹ መልሰው ይስቡታል። ስለዚህ አሲዱ ጎህ ሲቀድ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀላል።»

«ድሮስ?» አለ አባ ማለዳ። «ድሮ በዚያው ሰዓት እየቀዳሁ ያደጉልኝስ?»

«ድሮ ባሕሩ አቅም ነበረው። ማለዳው ያኔም ይከፋ ነበር፤ ግን ጨቅላዎቹ ይችሉት ነበር። አሁን ዓመት ከዓመት ጭሱ ሲደመርበት ልኩን አለፈ። እርስዎ አልተለወጡም፣ ጋሼ። የተለወጠው ባሕሩ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ግን መዝገቡን ይዛ ነበር። «ቆይ፤ አራተኛውም እኮ የማለዳ ነው። ይኸው፣ 11፡00። ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።»

ተከትሎ የመጣው እንቅልፌ ጣራ ጣራውን አየ። አባ ማለዳ መናገር ይችል ነበር፤ የሚስቱን ወንድም እንጀራ መዝጋት ግን ከበደው። የተናገሩት አማት ናቸው።

«ይሄ ልጅ?» አሉ። «ማለዳ? እኔ እናቱ ነኝ፤ ማለዳን በወሬ ነው የሚያውቀው! ሲወለድ እንኳ የከሰዓት ነው። ‹ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል› አሉ፤ ያንተ ገና ሳያድር ቀለለ!» ክኒናቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቆረጠሙ።

የውኃ ሐኪሟ ቁጥር አንድ እንዳይፈስ ለመነች። ለማነጻጸሪያ የማለዳ ውኃ እንደያዘ ይቆይ፤ ቁጥር ሁለትና ሦስት በከሰዓት ውኃ ይሞሉ። አባ ማለዳ «አምስት ሚሊዮን እያወቅሁ?» ብሎ አንገራገረ። ሥራ አስኪያጇ ለዚያ ገንዳ አንድ ጠብታ እንቁላል ብቻ እንዲገባ ፈቀደችለትና ተስማሙ። በአሥራ ሁለት ሰዓት እንቁላሎቹ ገቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት አባ ማለዳ ክብደት ቀነሰ፤ ሽርጡ ግን ከበሩ ጀርባ አልተነሳም።

በአምስተኛው ቀን ጠብታዎቹን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገ። ቁጥር አንድ ጸጥ ብሏል። ከቁጥር ሁለት የወሰደውን ሲያይ ማይክሮስኮፑን ደጋግሞ አስተካከለ። ከአዳራሹ የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ተጋፉ።

«እ? ምን አየህ?» አሉ አማት።

«ቤት ሠርተዋል» አለ አባ ማለዳ። «እማማ፣ ሁሉም ቤት ሠርተዋል።» አለቀሰ። ይሄኛውም በጅምላ ነበር። አማት ማይክሮስኮፑን ነጥቀው በሁለቱም ዓይናቸው ተራ በተራ አዩና «በጣም ትንንሽ ናቸው» ብለው አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

ሥራ አስኪያጇ በዚያው ቀን አዲስ ደንብ አወጣች። ክፍሉ የአባ ማለዳ ሆኖ ይቀጥላል፤ ውኃ የሚቀዳው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ኃላፊው ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ሥራ እንዳይገባ። ባሕሩ በየማለዳው መለካት ስላለበት ደግሞ አዲስ የሥራ መደብ ተከፈተ፤ ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ። የተመደበውም፣ መዝገብ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት መጻፍ በጣም የሚወደው ሰው ነው። እንቅልፌ ደብዳቤውን ሲያነብ ከበርሜሉ ቀን የባሰ ጮኸ።

ችግሩ አባ ማለዳ መተኛት አለመቻሉ ነበር። በነጋታው አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኑ ቧ አለ። ባለቤቱ «ተኛ፣ የሥራ ግዴታ ነው» አለችው። እንደ እንጨት ደርቆ ጣራውን እያየ የአማቱን እግር ኮቴ አዳመጠ። ፀሐይ ልትወጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሸሻት ፀሐይ! ኮቴው ቀረበ፤ በሩ ተከፈተ። አማት ጣሳቸውን ይዘው ገቡ። አባ ማለዳ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዝቃዛውን ውኃ ጠበቀ።

ውኃው አልመጣም። የመጣው ከራሱ ሥር የገባ ለስላሳ ነገር ነው። ዓይኑን ቢገልጥ ከዚያ ሽርጥ ጨርቅ የተሰፋ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀ ትራስ ነው፤ ቀዩ ጥልፍ «አባ ማለዳ» እንዳለ አለ።

«ስሙን አልፈታሁትም» አሉ አማት ወደ መስኮቱ ዞረው። «ክሩ ይባክናል ብዬ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ተኛ፣ ልጄ፤ ልጆችህ ይደጉ።»

«ያኛው ግን አሥራ አንድ ሰዓት አለበት» ብለው ጣሳቸውን ይዘው ወደ ሌላኛው ክፍል ሄዱ። የውኃ ድምፅ፣ ቀጥሎም የእንቅልፌ ጩኸት ተሰማ። አባ ማለዳ አልሰማም፤ ስሙ ላይ ጉንጩን አድርጎ ማንኮራፋት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ቆይታ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አልጋ ላይ አገኘችው።